በሸክላ ላይ የተሣለ ጦርነት፤ ከኤትሩስካውያን መቃብር እስከ ዐድዋ ሥዕል

መግቢያ

የታሪክ ትምህርት ለብዙ ዘመን የተመሠረተው በጽሑፍ ማስረጃ ላይ ነው። ይሁንና ከጥንታዊ ሕዝቦች ብዙዎቹ የጻፉት ጠፍቶ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ሳይጽፉ ቀርተው፣ ስለ ኑሯቸውና ስለ አስተሳሰባቸው የሚመሰክርላቸው የእጅ ሥራቸው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከእጅ ሥራ ሁሉ ደግሞ ዘመን የማይሽረው ሸክላ ነው። ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይበሰብስም፤ እንደ ወርቅና እንደ ነሐስ ቀልጦ ሌላ ዕቃ አይሆንም። ስባሪው እንኳ ከመሬት ሲወጣ ስለ ሠሪውና ስለ ተጠቃሚው የሚናገረው አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው በጥንታዊቷ ኢጣልያ ይኖሩ በነበሩት በኤትሩስካውያን መቃብሮች ውስጥ የተገኙት፣ የአፈ ታሪክ ጦርነት የተሣለባቸው የሸክላ ዕቃዎች ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ከተሣሉት ጀግኖች አንዱ «የኢትዮጵያውያን ንጉሥ» የተባለው ሜምኖን በመሆኑ፣ ሥዕሎቹ ለኢትዮጵያ የታሪክ መምህር ከባድ ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄውም፦ የጦርነት ሥዕል ማስረጃነቱ ስለ ማንና ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

1. የዕቃዎቹ መገኛና የስማቸው ስሕተት

ኤትሩስካውያን ዛሬ ቶስካና በሚባለው አውራጃና በአካባቢው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው እስከ 3ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በሠለጠኑ ከተሞች ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ቀስ በቀስ በሮም ኀይል ሥር ወድቀው፣ በ1ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሮማውያን ጋር ተዋሕደዋል። ፊደላቸው ከግሪክ ፊደል የተወሰደ ስለሆነ ጽሑፋቸው ይነበባል፤ ነገር ግን ከተረፈው አብዛኛው አጭር የመቃብርና የስእለት ጽሑፍ በመሆኑ ታሪካቸውን ራሳቸው ሲናገሩ መስማት አይቻልም። በዚህ ምክንያት መቃብሮቻቸው እንደ ቤተ መዛግብት ይቆጠራሉ።

በ1828 እ.ኤ.አ. ቩልቺ በተባለው ስፍራ ቁፋሮ ሲጀመር፣ የካኒኖ መስፍን የነበረው ሉሲየን ቦናፓርት በአጭር ጊዜ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕል ያለባቸው የሸክላ ዕቃዎች አስወጣ። ከዚያም በፊት ቢሆን እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በኢጣልያ መሬት ስለሚገኙ «የኤትሩስካውያን ዕቃዎች» ይባሉ ነበር። እንግሊዛዊው የሸክላ ነጋዴ ጆሳያ ዌጅዉድ በ1769 እ.ኤ.አ. የከፈተውን ፋብሪካ «ኤትሩሪያ» ብሎ የሰየመው ከዚሁ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ በዕቃዎቹ ላይ የተጻፉት ስሞች በግሪክኛ መሆናቸው በጥንቃቄ ሲመረመር፣ በተለይም ኤድዋርድ ጌርሃርት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1831 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘገባ ከወጣ በኋላ፣ ከዕቃዎቹ አብዛኞቹ በአቴና ተሠርተው በባሕር ንግድ ወደ ኤትሩሪያ የመጡ መሆናቸው ታወቀ። ኤትሩስካውያን ራሳቸው የሣሏቸውም አሉ፤ ለምሳሌ «የሚካሊ ሠዓሊ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ባለሙያ ከ530 እስከ 500 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በቩልቺ ይሠራ ነበር። ስለሆነም አንድ ዕቃ የተገኘበት ቦታና የተሠራበት ቦታ አንድ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

2. የአሠራሩ ብልሃት

የአቴና ሸክላ ሠሪዎች ሥዕሉን የሚሥሉት በቀለም ሳይሆን ብረት ባለበት በጣም በላመ የጭቃ ውሃ ነበር። ዕቃው ወደ ምድጃ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ አየር እየገባ ይቃጠልና ሁለመናው ይቀላል። ቀጥሎ የአየሩ መግቢያ ተዘግቶ፣ እርጥብ እንጨት ተጨምሮ፣ በጭስ ሲታፈን ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየር እንደገና ሲገባ ሥዕል ያልነካው ገላው ወደ ቀይነቱ ሲመለስ፣ በላመው ጭቃ የተቀባው ክፍል ግን ተጣብቆ ስለ ደደረ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሰዎቹ በጥቁር ይሣሉ ነበር፤ ከ530 ገደማ ጀምሮ ግን ዳራው ጠቁሮ ሰዎቹ በሸክላው ቀይ መልክ እንዲቀሩ ተደረገ።

ይህን ማወቅ ለሥዕሉ ትርጉም እጅግ አስፈላጊ ነው። በቀድሞው ስልት ወንድ ሁሉ፣ ግሪክም ይሁን ሌላ፣ በጥቁር ይሣላል፤ ሴቶች ደግሞ በነጭ ይቀባሉ። ስለዚህ ተማሪው «ይህ ጀግና ጥቁር ስለሆነ አፍሪካዊ ነው» ብሎ ቢፈርድ ይሳሳታል። ሠዓሊው አፍሪካዊን ለመለየት የሚጠቀመው በአፍንጫ፣ በከንፈርና በፀጉር አሣሣል እንጂ በመልክ ጥቁረት አልነበረም።

ኤትሩስካውያን የራሳቸው የሆነ ሌላ የሸክላ ዓይነት ነበራቸው፤ ቡኬሮ ይባላል። ከ675 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ጀምሮ የተሠራው ይህ ዕቃ ከውጭም ከውስጥም ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጥቁረቱም የሚገኘው አየር በታፈነበት ምድጃ በመቃጠሉ ነው። በካፋ ዞን ሺሺንዳን በመሳሰሉ ከተሞች ከየቤቱ የማይጠፋውን ጥቁር የቡና ጀበና ለሚያውቅ ተማሪ፣ የቡኬሮን ባሕርይ ማስረዳት አያዳግትም። ሁለቱን ሸክላዎች የሚያገናኝ ታሪክ ግን የለም፤ ተመሳሳይ ዕቃ በተለያየ አገር ራሱን ችሎ ሊፈጠር እንደሚችል ያሳያሉ እንጂ።

3. የትሮይ ጦርነት በኤትሩስካውያን ዐይን

ከኤትሩሪያ ከተገኙት ጥንታዊ የጦርነት ሥዕሎች አንዱ አሪስቶኖቶስ የተባለ ሠሪ ስሙን በጻፈበት ዕቃ ላይ ይገኛል። ዕቃው ከ650 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራ ሆኖ፣ ካይሬ በተባለችው፣ የዛሬዋ ቼርቬቴሪ በሆነችው ከተማ ተገኝቷል። በአንድ ፊቱ ኦዲሴዎስና ጓዶቹ የአንድ ዐይናውን ግዙፍ ዐይን ሲወጉ፣ በሌላ ፊቱ ሁለት መርከቦች ሲዋጉ ይታያል። ከአፈ ታሪኩ ጎን በጊዜው በባሕር ላይ ይደርስ የነበረውን እውነተኛ አደጋ ማስቀመጡ፣ ተረቱ ለባለቤቶቹ የሩቅ ወሬ ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

ከሁሉ የበለጠ ዝነኛ የሆነው ግን አሌሳንድሮ ፍራንሷ በ1844 እና በ1845 እ.ኤ.አ. ኪዩሲ አጠገብ ስብርባሪውን ለቅሞ ያወጣው ዕቃ ነው። ኤርጎቲሞስ ሠርቶት፣ ክሌይቲያስ የሣለው ይህ የአቴና ዕቃ ከ570 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ 270 ያህል የሰውና የእንስሳ ምስሎች አሉበት። በብዙዎቹ ጎን ስማቸው ተጽፏል። አኪሌስ የትሮይን ልዑል ትሮይሎስን ሲያሳድድ፣ አያክስም የአኪሌስን ሬሳ ተሸክሞ ከጦር ሜዳ ሲወጣ ይታያል። በእግሩ ዙሪያ ደግሞ ድንክ ሕዝቦች ከወፎች ጋር ይዋጋሉ፤ እነዚህን ድንኮች የግሪክ ደራሲዎች በምድር ዳርቻ፣ አርስቶትል ደግሞ የዓባይ ውሃ በሚመነጭበት ረግረግ አጠገብ ያኖሯቸዋል። በ1900 እ.ኤ.አ. በፍሎሬንስ ቤተ መዘክር የሚሠራ አንድ ጠባቂ በቁጣ በወረወረው በርጩማ ዕቃው 638 ቦታ ተሰባብሮ እንደገና ተጠግኗል።

ይህ ሁሉ የግሪክ ተረት ለኤትሩስካውያን ምን ያደርግላቸው ነበር? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን የሚሰጠው በ1857 እ.ኤ.አ. በቩልቺ የተገኘውና በፍራንሷ ስም የሚጠራው መቃብር ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በግድግዳው ላይ የተሣለው ሥዕል በአንድ ወገን አኪሌስ ለወዳጁ ለፓትሮክሎስ ነፍስ የትሮይን ምርኮኞች ሲያርድ ያሳያል፤ የሞት መናፍስት የሆኑት ኤትሩስካውያኑ ካሩንና ቫንትም አጠገቡ ቆመዋል። በሌላው ወገን የቩልቺ ጀግኖች እስረኛ ወዳጆቻቸውን ሲፈቱና ጠላቶቻቸውን ሲገድሉ ይታያል፤ ከተገዳዮቹም አንዱ «የሮማው» ተብሎ የተጻፈበት ታርኲኒዎስ ነው። ፈቺው ማክስትርና ይባላል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ በ48 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. በተናገረውና በነሐስ ተቀርጾ ሊዮን ላይ በተገኘው ንግግሩ፣ ኤትሩስካውያን ይህን ስም ለሮማው ንጉሥ ለሴርቪዎስ ቱሊዎስ ይሰጡት እንደነበር ገልጿል።

እንግዲህ የመቃብሩ ባለቤቶች የባዕዱን ተረት የወሰዱት የራሳቸውን ጦርነት ለማክበር ነው። በጊዜው ሮም እየገፋች ትመጣባቸው ነበር። የትሮይ ምርኮኞች ደም ከሮማዊው ደም ጋር ፊት ለፊት መሣሉ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

4. ሜምኖን፣ «የኢትዮጵያውያን ንጉሥ»

በግሪኮች አፈ ታሪክ መሠረት ሜምኖን የንጋት አምላክ የሆነችው የኤዮስና የትሮያዊው የቲቶኖስ ልጅ ነው። ለትሮይ ረዳት ሆኖ ሠራዊቱን እየመራ መጥቶ፣ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ገድሎ፣ በመጨረሻ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። ይህን ታሪክ የተረከው «አይቲዮፒስ» የተባለው መጽሐፈ ግጥም በሚሊጢሱ በአርክቲኖስ እንደ ተደረሰ ይነገራል፤ ሙሉው ጠፍቶ አጭር መግለጫው ብቻ ቀርቷል። የጎደለውን የሚሞሉት ሥዕሎቹ ናቸው። ሁለቱ ጀግኖች ሲዋጉ በአንዱ ጎን የአኪሌስ እናት ቴቲስ፣ በሌላው ጎን ኤዮስ ቆመው ሲያዩ ተሥለዋል። በ5ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መጀመሪያ ላይ ሠዓሊው ዱሪስ በአንድ ጽዋ ውስጥ፣ እናቲቱ የልጇን ሬሳ በክንዷ ታቅፋ አሳይቷል፤ ጽዋው ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ኤትሩስካውያንም ታሪኩን ወደ ቋንቋቸው መልሰው፣ ሜምኖንን «ሜምሩን»፣ ኤዮስን «ቴሳን»፣ አኪሌስን «አክሌ» እያሉ በነሐስ መስተዋቶቻቸው ላይ ቀርጸዋቸዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚያሳስበው የሜምኖን መልክ ነው። በታላቁ ሠዓሊ በኤክሴኪያስ በተሣለውና በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው ዕቃ ላይ፣ ሜምኖን በሁለት ጥቁር አሽከሮች መካከል ቆሟል። አሽከሮቹ አፍሪካውያን መሆናቸው ከፊታቸው ይታወቃል፤ ሜምኖን ግን በመልኩም በጦር ትጥቁም ግሪክ ነው። ይኸውም ሠዓሊው ጀግናውን ለማክበር ሲፈልግ የራሱን ወገን አስመስሎ እንደ ሣለው፣ የመጣበትን አገር ለማመልከት ግን በአሽከሮቹ መልክ እንደ ተጠቀመ ያስረዳል። በካይሬ ከ530 እስከ 500 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በተሠራና ዛሬ በቪየና በሚገኝ እንስራ ላይ ደግሞ፣ ሄራክሌስ የግብፁን ንጉሥ ቡሲሪስን ሰዎች ሲደበድብ፣ በጀርባው በኩል አፍሪካውያን ዘበኞች ዱላ ይዘው ለእርዳታ ሲሮጡ ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ ጥቁር ሕዝቦችን ያውቁ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነገር ግን «አይቲዮፕስ» የሚለው የግሪክ ቃል «ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ» ማለት ሆኖ፣ በሆሜር ዘመን በምድር ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻ ለሚኖሩ ሕዝቦች ሁሉ የተሰጠ ነበር። በኋላ ሄሮዶቱስ ቃሉን ከግብፅ በስተደቡብ፣ ዋና ከተማቸው ሜሮዌ ለነበረች ሕዝቦች ተጠቀመበት። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች «ኩሽ» የሚለውን የዕብራይስጥ ስም «ኢትዮጵያ» ብለው መለሱት። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ዓመተ ምሕረት የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግሪክኛው ክፍል «ኢትዮጵያውያን» የሚለው ስም «ሐበሻት» ለሚለው ምትክ ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ስሙ ከአክሱም መንግሥት ጋር በግልጽ ተያይዞ የሚታየው ከኤክሴኪያስ ዘመን ከ800 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር የሚደርሰው ስሕተት ቀላል አይደለም። በላይኛው ግብፅ በቴቤስ የቆሙት ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች የፈርዖን ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ሆነው ሳሉ፣ የግሪክ ጎብኚዎች ለብዙ ምዕተ ዓመታት «ሜምኖን» ሲሏቸው ኖረዋል። በ1914 ዓ.ም. ተዘጋጅቶ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ሬይ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የወጣው የኢትዮጵያ ነገሥታት ዝርዝርም ከግብፅ ታሪክና ከግሪክ አፈ ታሪክ የመጡ ስሞችን ይዟል። እንዲህ ያለው ዝርዝር በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነበረውን የአገር ክብር ስሜት ይመሰክራል እንጂ፣ ከትሮይ ጦርነት ዘመን የደረሰ መዝገብ ተብሎ ሊጠቀስ አይገባውም። ሜምኖንን ለተማሪ ማስተማር ተገቢ ነው፤ ግሪኮች በሩቅ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በጀግንነትና በውበት ያስቡት እንደነበር ያስረዳልና። የአክሱም ንጉሥ አድርጎ ማስተማር ግን ለተማሪው የማይቆም ምሰሶ መስጠት ነው። እውነተኛው የአክሱም ታሪክ ድጋፍ አያሻውም።

5. ከዐድዋ ሥዕል ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ በሸክላ ላይ የጦርነት ታሪክ የመሣል ልማድ አልነበረም። ጦርነት የሚሣለው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ በብራናና በኋላም በሸራ ላይ ነው። ከሁሉ የታወቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ነው።

በተለመደው አሣሣል የኢትዮጵያ ሠራዊት በስተግራ፣ የኢጣልያ ሠራዊት በስተቀኝ ይሰለፋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ጦሩን በጠላት ላይ ይሰብቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከየመኳንንቱ ራስ አጠገብ ስማቸው ይጻፋል። ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዐይናቸው ሲታይ፣ ጠላት በጎን ተሥሎ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል።

የግሪክን ዕቃዎች ከዚህ ጋር ላነጻጸረ ሰው መመሳሰሉ ግልጽ ነው። በእነርሱም ዘንድ ድል አድራጊው ዘወትር ከግራ ወደ ቀኝ ይገሠግሣል፤ አማልክቱ ከተዋጊዎቹ ጎን ቆመው ይረዳሉ፤ ስምም ይጻፋል። ይህ የሆነው አንዱ ከሌላው ስለ ወረሰ አይደለም። ማንኛውም የጦርነት ሠዓሊ ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደ ረዳውና ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ማሳወቅ ስላለበት ነው። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። የዐድዋ ሠዓሊ የሣለው ቀኑና ስፍራው የታወቀ፣ ምስክሮቹም ገና በሕይወት የነበሩ ጦርነት ነው፤ የአቴናው ሠዓሊ ግን ከእርሱ በብዙ መቶ ዓመታት የራቀ ተረት ነው የሣለው። የገዢው ነገር ደግሞ ሁለቱን እንደገና ያቀራርባቸዋል። የአቴና ዕቃ ባሕር ተሻግሮ ለኤትሩስካዊ እንደ ተሸጠ ሁሉ፣ ከዐድዋ ሥዕሎችም ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ተሽጠው ዛሬ በባሕር ማዶ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ።

6. ሥዕል ያልተሣለለት ጦርነት

በሥዕል የተመዘገበውን ብቻ ታሪክ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው የካፋን ታሪክ አያገኘውም። ከዐድዋ ድል ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የምኒልክ ሠራዊት የካፋን መንግሥት ወግቶ አስገበረ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማርከው ከአገራቸው ወጡ። ይህ ጦርነት እንደ ዐድዋ ዝነኛ ሥዕል አልወጣለትም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1905 እ.ኤ.አ.፣ አገሩን የጎበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች፣ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. የወጡት፣ ዋና የጽሑፍ ምንጭ ሆነው ይጠቀሳሉ። የቀረው ማስረጃ በሽማግሌዎች አንደበትና የመንግሥቱን ድንበር ይጠብቁ በነበሩ ጥልቅ የመከላከያ ጉድጓዶች ፍራሽ ላይ ነው። እነዚህ ምስክሮች ከሸክላ ይልቅ በቶሎ ይጠፋሉ፤ ሽማግሌው ይሞታል፣ ጉድጓዱም ይታረሳል።

ሌላም ትዝብት አለ። ኤርጎቲሞስና ክሌይቲያስ ስማቸውን በዕቃቸው ላይ ጽፈው ከ2500 ዓመት በላይ ኖረዋል። በኢትዮጵያ ግን፣ በደቡብ ምዕራቡም ጭምር፣ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው፣ በሙያቸው ምክንያት ከሌላው ኅብረተሰብ ተለይተውና ተንቀው የኖሩ ናቸው። ዕቃቸው በየቤቱ ሲከበር ስማቸው ሳይጠራ ቀርቷል። ይህም ራሱ በታሪክ ትምህርት ውስጥ ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው የሚገኘው ትምህርት በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ማንኛውም የጥንት ሥዕል ለተማሪ ሲቀርብ፦ ማን ሠራው? ለማን ተሠራ? የት ተገኘ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ማስረጃው ይሰናከላል። በ1971 እ.ኤ.አ. በቼርቬቴሪ በሌቦች ተቆፍሮ የወጣው የኤውፍሮኒዎስ ዕቃ፣ እንቅልፍና ሞት የሳርፔዶንን ሬሳ ሲያነሡ የተሣለበት፣ በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ኢጣልያ ተመልሷል። ዕቃው ቢመለስም በመቃብሩ ውስጥ ከምን ጋር፣ ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ የሚያስረዳው መረጃ ሊመለስ አልቻለም።

በካፋም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚገኝ የታሪክ መምህር ይህን ትምህርት ለማስጀመር የቩልቺን ዕቃ መጠበቅ አያስፈልገውም። ተማሪዎች በአካባቢያቸው የሚገኘውን የመከላከያ ጉድጓድ ፍራሽ ስፍራ እንዲመዘግቡ፣ ሽማግሌዎች የሚሉትን ቃል በቃል እንዲጽፉ፣ ጀበናውን የሠራችውን ሴት ስምና የሥራዋን ብልሃት እንዲጠይቁ ማድረግ ይቻላል። የሁለት ሽማግሌዎች ቃል ሲለያይም ሁለቱን ጽፎ ማስቀመጥ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም። ሥዕልም ሆነ ትውፊት አስቀድሞ የሚመሰክረው ስለ ሠሪውና ስለ ተቀባዩ ነው፤ ስለ ጦርነቱ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ከሌላ ማስረጃ ጋር ተገናዝቦ የሚጸና ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሜምኖንን በሥፍራው፣ ዐድዋን በሥፍራው፣ የካፋንም ጦርነት በሥፍራው ማኖር ይችላል።